ቤት ቁጥር አሥራ ሰባት

ኅዳር 3 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለሐኪሚቱ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ፈጣሪ ጤናሽን እንዲጠብቅልኝ፣ ከሰው አገር ስንፍናና ከሰው አገር ትዕቢት ሁለቱንም እንዲያርቅልሽ እለምናለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያስቸግረኛል፤ ድምፄ ግን ዛሬም የክፍሉ የኋላ ግድግዳ ድረስ ይሰማል።

የጠየቅሽው ተፈጽሟል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ መጥታ ከአርባ ልጆች ጣት ደም ወስዳለች። ወላጆቻቸውን በፊርማ ያስፈቀድኋቸው እኔ ነኝ። አንዱ አባት «መምህር፣ ይህን ሁሉ ደም ባሕር አሻግረው ምን ሊሠሩበት ነው?» ቢለኝ «የምትመረምረው የእህቴ ልጅ ናት፤ መልሱ ካልመጣ እኔን ያዙ» አልሁት። እንግዲህ ዋስሽ እኔ መሆኔን አትርሺ። እንዳልሽውም በየብልቃጡ ላይ የቤት ቁጥር እንጂ የልጅ ስም አልተጻፈም።

በዚያው ቀን በባትሪ ማቅለጫው በር ላይ ጠብ ነበር። ግቢውን ታስታውሺዋለሽ፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው፣ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበሩ ውስጡን በእቶን የሚያቀልጡበት ነው። ነርሷ ከአጥሩ ሥር አፈር ስትዘግን ዘበኛው ደርሶ በእርግጫ ማንኪያውን ከእጇ አስፈነጠረው። የሌባ ጣቷ ተሰበረ። «አፈሩም የእኛ ነው» አላት። እኔም በምርኩዜ ጫፍ ደረቱን ገፍቼ «ሴት ላይ እግሩን የሚያነሣ ከወንድ አይቆጠርም» አልሁት፤ ዕድሜዬን አይቶ እንጂ ይጥለኝ ነበር። ነርሷ ግን ጣቷን በመሐረብ አስራ «መምህር፣ የመታው ማንኪያውን ነው፤ አፈሩ ኪሴ ውስጥ ገብቶ የለ?» ብላ በእንባዋ መካከል ሳቀች። አፈሩ ከደሙ ጋር ይደርስሻል።

ስለ ሥልጠናሽ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብሁ። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ጠበቃ፣ የአየር ጠባይ አጥኚና የከተማ ነዳፊ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣችሁ፣ ከተማ ነዋሪዋን ሳታሳምም እንዴት እንደምትኖር ትማራላችሁ አልሽኝ። እኔ ባደግሁበት ትምህርት ሰው አንዱን ዕውቀት ሃያ ዓመት ይዞ ሳይጠግበው ሌላውን አይነካም ነበር። አምስት ሙያ በአንድ ዓመት የቀመሰ ሰው አንዱንም ሳይጠግብ እንዳይነሣ እሠጋለሁ።

ወንድምሽ ድምቡሼ ሰላም ብሎሻል። ሥራ ላይ ነው።

አጎትሽ


ኅዳር 26 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ዕድሜና ጤና ሳይለይዎት፣ ድምፅዎም ከዚያ የኋላ ግድግዳ ሳይጎድል ይቆዩኝ። ደሙም አፈሩም በደኅና ደርሶኛል። የነርሷ ጣት አሳስቦኛል። እባክዎ እንድትታከም ያድርጉልኝ።

ጋሼ፣ ስለ ሥልጠናው የፈሩትን እኔም መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። ግን አንድ ሕግ አለን። እዚህ ማንም የራሱን ግኝት ራሱ ተነሥቶ አይናገርም። የእኔን የሕፃናት ደም መሐንዲሱ ያስረዳል፤ የእርሱን የፍሳሽ ቱቦ እኔ አስረዳለሁ። ባለፈው ዓርብ ስለ ቱቦ ስናገር ጠበቃዋ፣ ምላሷ ምላጭ የሆነች ልጅ ናት፣ «አንቺ ስታወሪለት ቱቦው ራሱ ተደፈነ» ብላ ሰዉን ሁሉ አሳቀችብኝ። ሥልጠናውን የሚመሩት ሴትዮ ግን ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። «ግኝትሽን በሌላ ሰው አፍ ሲነገር ካልሰማሽው ማንን እንደሚመታ አታውቂም» ይሉናል።

ድምቡሼ ለምን አይጽፍልኝም? አምስት ወር ሆነው። ከግንብ መወጣጫው ከወደቀ ወዲህ ጀርባው ተሻለው? አሁንም ከዚያው ግንበኛ ጋር ነው? የሱ ልጅስ ትምህርቷን እንዴት ይዛለች? «ሥራ ላይ ነው» ብቻ ብለው አለፉኝ፤ እርስዎ ደግሞ በአጭሩ የሚጽፉት ሲቆጡ ወይም ሲደብቁ ነው።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 20 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ፈጣሪ ልቡናሽን ያቅናልሽ፣ ምላስሽንም በታላላቆችሽ ላይ ያሳጥርልሽ። እኔ አልደብቅም። ቃል የሰጠሁበትን ነገር ግን አላወጣም። ስለ ሥራው ወንድምሽ ራሱ ይንገርሽ።

ስለ ድምቡሼ ልጅ ጠይቀሻል፤ የምነግርሽ እውነቱን ነው። ልጅቱ ሰነፍ ናት። ሰባት ዓመቷ ነው፤ አንድ መስመር አንብባ ጫፉ ስትደርስ መጀመሪያውን ትረሳዋለች። ጓደኞቿ ፈዛዛ ይሏታል። «እንደገና» እላታለሁ። ጀምራ ታቆማለች። «እንደገና» እላታለሁ። የዘመድ ልጅ ብዬ አላዳላም፤ መዳፏን ዘርግታ እንደ ሌሎቹ ትቀበላለች። ባለፈው ሐሙስ ልምጩ እጇ ላይ ተሰበረ፤ ደምም ወጣ። አላለቀሰችም፤ ይህም አናደደኝ። ሌላ ልምጭ አንሥቼ ደገምሁ።

ድምቡሼ ሰምቶ ከነሥራ ልብሱ መጣ። በር ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ይምቷት፤ መምህሯ ነዎት። ብቻ ከራሷ ያርቁልኝ፤ ራሴን እያለች ታድራለች» አለኝ። በላዩ ላይ ካለው ግራጫ ብናኝ ጋር ደረቱ ላይ አስጠግቶ ወሰዳት። ልጅ እንዲህ እየተሞላቀቀች አትማርም ብዬ ከኋላው ተናገርሁ። ዞሮም አላየኝ።

የደሙን መልስ ፍጠኚ። ወላጆች በየመንገዱ ያቆሙኛል።

አጎትሽ


ጥር 15 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምታዬ የልቤን ያህል ነው፤ ግን ሳልዘገይ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ከአርባው ልጆች በሠላሳ አንዱ ደም ውስጥ የባትሪው ብረት፣ እርሳስ የሚባለው፣ ከመጠን በላይ ተገኝቷል። ልኬቱ አምስት ሲደርስ ያሳስበናል። የቤት ቁጥር ዘጠኝ ልኬት አርባ አንድ ነው። የቤት ቁጥር አሥራ ሰባት ልኬት ስድሳ ሦስት ነው። የአሥራ ሰባት ቁጥር ልጅ ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት ቀን ሆስፒታል መግባት አለባት ወይም አለበት። የሁሉንም ዝርዝር በሁለተኛው ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ።

ይህ መርዝ የሕፃን አእምሮ ያፈዛል። የተነበበውን ያስረሳል፣ ራስ ያሳምማል፣ ልጅን ዝምተኛ ያደርጋል። የሚመጣውም በጭስ ብቻ አይደለም። ነርሷ በሞላችው ቅጽ እንዳየሁት፣ ልኬቱ ከፍ ያለባቸው ቤቶች እቶኑ ላይ የሚሠራ አባት ያለባቸው፣ ወይም የእነዚያ ሰዎች ልብስ የሚታጠብባቸው ናቸው። ብናኙን በልብሳቸው ይዘውት ይገባሉ። ልጅ ባቀፉ ቁጥር ያጎርሱታል።

ጠበቃዋ «ለሕዝቡ እንዴት እንደሚነገር በአንድነት ሳንመክር አትላኪ፤ ዐሥራ አንድ ቀን ብቻ ታገሺ» ብላኝ ነበር። አሥራ ሰባት ቁጥርን እያሰብኩ ዐሥራ አንድ ቀን መተኛት አልቻልኩም። ላክሁት። ስለዚህ ሁለተኛው ገጽ ለእርስዎና ለነርሷ ብቻ ነው፤ ለሌላ ሰው አይታይ።

ድምቡሼ ዛሬም አልጻፈልኝም።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 2 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንደምን ከረሙ? አንድ ወር ተኩል አለፈ። ስልክ እንደማያነሡ አውቃለሁ፤ የድምቡሼም ዝግ ነው። ነርሷ «ከመምህር አፍ ስሚ» ብላ ዘጋችብኝ። የአሥራ ሰባት ቁጥር ልጅ ሆስፒታል ገባ? ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ይህንን ብቻ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 19 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ይህ ደብዳቤ የተንዛዛ ሰላምታ አይገባውም። የጽሕፈቱ መጣመም አያስደንቅሽ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቀኙ ከክርኑ በላይ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ነርሷ ልጻፍልዎ ብላኝ ነበር፤ ይህን ግን በሰው እጅ አላጽፍም።

ድምቡሼ ሞቷል። ጥር 29 ቀን ሞቶ በማግሥቱ ተቀብሯል። መጨረሻውን ፍለጋ ዓይንሽ እንዳይንከራተት ከፊት አስቀደምሁት።

ከግንብ መወጣጫው ከወደቀ በኋላ ጀርባው ድንጋይ አልሸከም አለው። አምና ሰኔ እቶኑ ላይ ሥራ ገባ፤ ቤቱንም ወደ ግቢው አጠገብ፣ ወደ ቁጥር አሥራ ሰባት አዛወረ። «እህቴ ካወቀች ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች፤ ጋሼ፣ ቃልዎን ይስጡኝ» አለኝ። ሰጠሁት፤ ቃሌን በመጠበቄም ኮራሁ። ደብዳቤሽ ጥር 24 ቀን ደረሰኝ። አሥራ ሰባት የሚለውን ባነበብሁ ጊዜ የልምጩ ስብራት ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ልጅቱን በዚያው ሰዓት አቅፌ ሆስፒታል አስገባኋት። በሕይወት አለች።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጥፋት የእኔ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የዚህን መንደር ደብዳቤ በውሃ ቦኖው ደረጃ ላይ ቆሜ የማነብ እኔ ነኝ። የሞት መርዶ ይሁን፣ የፍች ወረቀት ይሁን፣ ስድብ ይሁን፣ አንድ መስመር ዘልዬ አላውቅም፤ የዘለለ ዋሽቷል ብዬ አምናለሁና። ሠላሳ አንዱን ልጆች በስንፍና ስም መትቻቸዋለሁ፤ አንድም አልቀረኝ። በአደባባይ የመታ በአደባባይ ይመስክር ብዬ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰው ባልዲውን ይዞ በተሰለፈበት ሰዓት ወጣሁ። ሁለቱንም ገጽ አነበብሁ። «ለእርስዎና ለነርሷ ብቻ ነው» የሚለውንም መስመር ጮክ ብዬ አነበብሁት።

ከዚያ ልብስ አጣቢዋ ባልዲዋን አስቀመጠች።

«መምህር፣ ዘጠኝ ቁጥር እኮ እኔ ነኝ።»

«አዎን።»

«እኔ ቤት እቶን የሚሠራ የለም። ባል እንኳ የለኝም፤ አገር ያወቀው ነው።»

አንዳንዱ ፈገግ አለ። እኔ ግን «ልብሳቸውን ታጥቢያለሽ» አልሁ።

እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። «በእጄ? ልጄን በገዛ እጄ?» አለች። ከዚያ የጮኸችውን ጩኸት እስከ ዕለተ ሞቴ እሰማዋለሁ። ከሰልፉ አንዱ «እቶን የሚሠሩት እያወቁ ነው! ጓንት የሚያጠልቁት ለምን ይመስላችኋል?» አለ። ሌላው «ለራሳቸው ጓንት፣ ለእኛ ልጅ ብናኝ!» አለ። ይህን ጊዜ ደረጃው ላይ ያለሁ ሰው አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ወረቀቱን በመሥመሩ እያጠፍሁ ነበር።

ፈረቃ የሚለወጥበት ሰዓት ነበርና ሰባት ሠራተኞች፣ አንዱ ወንድምሽ፣ ከግቢው ይወጡ ነበር። በሩ ላይ ጠበቋቸው። ሸሚዛቸውን ከላያቸው ቀደዱ፤ ሱሪያቸውን አስወለቁ፤ ሽማግሌውን አቅላጭ በፀጉሩ ሲጎትቱት ጆሮው ተቀደደ። ልብሱን ከምረው ጋዝ አርከፈከፉና ለኮሱት። አንዱ ጎልማሳ ሸሚዙ ሳይወልቅለት እሳቱ ያዘው። ወንድምሽ ነው ራቁቱን ዘሎ በላዩ ላይ ወድቆ በደረቱ ያጠፋው። ልብስ አጣቢዋ እሳቱን ስታይ እንደ ነቃ ሰው ሆነች፤ ባልዲዋን ይዛ ሮጣ ውሃዋን በሁለቱ ላይ ደፋችው።

ድምቡሼ ተነሥቶ «አሥራ ሰባት እኔ ነኝ! ልጄ ሆስፒታል ናት! እኔም አላወቅሁም፣ ስሙኝ!» አለ።

«ስድሳ ሦስት!» አሉት። «የገዛ ልጅህን! ስድሳ ሦስት!»

ቁጥሩን ከእኔ አፍ ከሰሙት ግማሽ ሰዓት አልሞላም። በመካከል ገባሁ። «መምህር፣ ዞር ይበሉልን» አሉኝ፤ «እንዳንነካዎ» አሉኝ፤ ከዚያ በብረት ክንዴን መቱኝ። በአክብሮት ነው የሰበሩኝ። አንድ ድንጋይ በጭንቅላቴ ላይ አልፎ የወንድምሽን ጆሮ ግንድ መታው። የወረወረውን አይቼዋለሁ። አንደኛው ብለን የምንጠራው ነው፤ ሰባት ዓመት ከክፍሌ አንደኛ የወጣ፣ ልምጭ ያላረፈበት ተማሪዬ። ድምቡሼ ሦስት ቀን ሳይናገር ኖሮ ሞተ።

የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። ዘበኛው በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ ሲመለከት ነበር። በዐሥረኛው ቀን እቶኑ በሌሎች ሰዎች እጅ ጨሰ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ የአንደኛውን ስም ሰጠሁ፤ ከእርሱ በፊትም የራሴን። መርማሪው «አባቴ፣ ደብዳቤ በማንበብ የሚከሰስ የለም፤ ይሂዱ ቤትዎ» አለኝ። ብትረግሚኝ በሙሉ ልብሽ እርገሚኝ። ነርሷን ያስማልኋት እኔ ነኝ፤ እርሷን አትቀየሚያት።

አጎትሽ


ሚያዝያ 8 ቀን

ለአጎቴ፤

ሰላምታ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። አልረግምዎትም። ይቅርም አልልዎትም፤ ገና ነው። ሥራውን ደበቁኝ። እኔም አትላኪ የተባልኩትን ላክሁ። ሁለታችንም ትክክል ነን ብለን ነው።

ደብዳቤዎን ለጠበቃዋ ሰጠኋት፤ በሕጋችን መሠረት ተነሥታ አነበበችው። «ስድሳ ሦስት» ላይ ስትደርስ ተቀመጠች። መሐንዲሱ ግን ወረቀት ስቦ ይሥል ጀመር። ሁለት በር ያላት ክፍል ናት፤ በመካከሏ የውሃ ቧንቧ አለ። ሠራተኛው በአንዱ በር በቤት ልብሱ ገብቶ በሌላው በር በሥራ ልብሱ ወደ እቶኑ ያልፋል፤ ሲመለስ የሥራ ልብሱ እዚያው ይቀራል፣ ታጥቦ በመጀመሪያው በር ይወጣል። ብናኙ ከግቢው አይወጣም።

«ይህ እኮ የዐሥር ደቂቃ ሥራ ነው» አለኝ። «ለምን አልጠየቅሽኝም? አጠገቤ ነበርሽ እኮ።»

በጥፊ መታሁት። ጋሼ፣ ሐኪሟ እኔ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ መነጽሩ ወድቆ እስኪሰበር መታሁት። እጁን አላነሣብኝም። እጄን ሳየው የእርስዎን እጅ መሰለኝ። የመሐንዲሱ ወንበር ከወንበሬ አንድ ክንድ አይርቅም፤ ወንድሜም የሞተው በዚያች አንድ ክንድ ነው።

ንድፉንና ጠበቃዋ በማቅለጫው ባለቤት ላይ ያዘጋጀችውን ማመልከቻ አባሪ አድርጌያለሁ፤ አምስታችንም ፈርመናል። አንድ ነገር ግን አዝዝዎታለሁ። ሳዝዝዎት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ይህን ደብዳቤ ብቻዎን ወደ ደረጃው ይዘው አይውጡ። ነርሷን፣ ድምቡሼ አብሮት ይሠራ የነበረውን ግንበኛና ልብስ አጣቢዋን ጠርተው አስቀድመው ለእነርሱ ያንብቡት። ለሰው የሚነገረውን እነርሱ ይምረጡ።

ልጅቱ ከእጅዎ እንዳትወጣ። እንዳይመቷትም።

የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 14 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

እኔን ለማሰብ በማትፈልጊበትም ሰዓት ፈጣሪ ከአጠገብሽ አይለይ።

ትእዛዝሽን ፈጽሜአለሁ። ሦስቱ በክፍሌ ውስጥ፣ በልጆቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ተቀመጡ። ግንበኛው ንድፉን ገልበጥ ቀና አድርጎ «ይህ መሐንዲስ ጭቃ ነክቶ ያውቃል? በሩ ወደ ውስጥ ከተከፈተ ሰው በሰው ላይ ይወድቃል» ብሎ በእርሳስ አስተካከለው። ልብስ አጣቢዋም «በግቢው ውስጥ የቀረውን ልብስ ማን ሊያጥበው ነው? እኔን ብቻ እንዳትሉኝ» አለች፤ ያን ጊዜ የልብስ ማጠቢያ ማሽን በማመልከቻው ላይ ተጨመረ። ከእንግዲህ የሚመጣውን የየቤቱን ልኬት ደግሞ ነርሷ ራሷ በግል እንድታደርስ ወሰኑ። እኔ አምስት ጊዜ ለመናገር አፌን ከፈትሁ፤ አራት ጊዜ «መምህር፣ ተራዎን ይጠብቁ» ተባልሁ።

ከዚያ በኋላ አራታችን በደረጃው ላይ ቆመን፣ እነርሱ የመረጡትን ብቻ አነበብሁ። አንድ ገጽ ሙሉ ዘለልሁ።

ፍርድ ቤቱ ክፍሉ እስኪሠራ እቶኑ እንዲጠፋ አዟል። ግድግዳው ዛሬ ደረቴ ጋ ደርሷል። እሳት የያዘው ጎልማሳ በሕይወት አለ፤ አንገቱ ግን አይዞርለትም። አንደኛውን በየሳምንቱ እሥር ቤት እየሄድሁ እጠይቀዋለሁ። ፈጥኖ መመለስን አስተምሬዋለሁ፤ ቆሞ መጠየቅን አላስተማርሁትም። እንዳስተማርሁት ነው የወረወረው።

ልጅቱ ከእኔ ጋር ናት። ልኬቷ ወደ ሃያ ስምንት ወርዷል። ትናንት ጠዋት ወደ ጠረጴዛዬ መጥታ «አባቴን ያስመታው ወረቀት የትኛው ነው?» አለችኝ። ልዋሽ አልቻልሁም። አውጥቼ ሰጠኋት። በጣቷ እየተከተለች ታነብ ጀመር። ስድስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ እያለች፣ በየመሥመሩ እየቆመች፣ ፀሐይዋ ከመስኮቱ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ እስክትደርስ ድረስ አነበበች። አሥራ ሰባት ላይ ቆመች።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

«ስድሳ ሦስት ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው።»

ወደ መሥመሩ መጀመሪያ ተመለሰች፤ የቱ ጋ እንደ ነበረች ጠፋባት። ቀና ብላ አየችኝና ሁለቱንም እጆቿን ወደ ኋላዋ ደበቀቻቸው።

«እንደገና?» አለችኝ።

አይደለም አልኋት። ቀኝ እጄ ልምጭ ለማንሣት እንደማይዘረጋ አሳየኋት። ግራውንም በጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁላት። ቆማ ታየኛለች። ዛሬም ጠዋት መጥታ በዚያው ቦታ ቆማለች፤ ወረቀቱ በመካከላችን ተዘርግቷል። ይህን የምጽፍልሽ እጆቿን ከኋላዋ እስክታወጣቸው ድረስ እየጠበቅኋት ነው።

አጎትሽ